ሌባ፣ አደራ በላ፣ አታላይ፦ ንብረታችን ከእጃችን የወጣበት መንገድ በሕግ ፊት

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ በእኛ ብሎክ፣ ጠበቃ መሆኔን የማያውቅ የለም። ስለዚህ በሬ እሑድም ይንኳኳል። እማማ በእጃቸው የተማሪ ደብተር ይዘዋል። ገና ሳይቀመጡ «ልጄ፣ ሌቦች ገጥመውናል። ማመልከቻ ጻፍልኝና ይታሰሩልን» አሉኝ።

ደብተሩ የዕቁብ ደብተር ነው። በግራ በኩል የ24 ሰው ስም ከላይ እስከ ታች ተጽፏል። ከላይ ሳምንቶቹ ተደርድረዋል። በየሳጥኑ የከፈለ ሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ ራይት ተደርጎለታል። ዕቁቡ በሳምንት 1,000 ብር ነው፤ ዕጣ የወጣለት 24,000 ብር ይወስዳል። እማማ በጣታቸው ሁለት ቦታ አሳዩኝ። አንደኛው የዕቁቡ ሰብሳቢ ነው። ለሦስት ሳምንት ከሁሉም ገንዘብ ተቀብሎ ለባለዕጣዎቹ አልሰጠም፤ ከዚያ ስልኩን ዘጋ። ሁለተኛዋ አንዲት ዕቁብተኛ ናት። በአራተኛው ሳምንት ዕጣ ወጣላት፣ ብሯን ወሰደች፣ እስከ አሥረኛው ሳምንት ከፈለች። ከዚያ ወዲህ ያለው ሳጥኗ ሁሉ ባዶ ነው።

«ሁለቱም ሌቦች ናቸው» አሉ እማማ። ሕጉ ግን አንዳቸውንም ሌባ አይላቸውም። ሰብሳቢው በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል፣ በስርቆት ግን አይደለም። ሴትየዋ ደግሞ፣ ሌላ ነገር ካልተገኘባት በቀር፣ ባለዕዳ እንጂ ወንጀለኛ አይደለችም። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። እውነታቸውን ነው። የተበላው ገንዘብ የእሳቸውና የጎረቤቶቻቸው ላብ ነው፤ ላብ ደግሞ በማንም ይበላ በማን ያው ላብ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ከአንድ ጥያቄ ነው የሚመጣው። ንብረቱ ከባለቤቱ እጅ የወጣው እንዴት ነው? ሳያውቅ ተወስዶበት? ተገዶ? አምኖ ሰጥቶ? ወይስ ተታሎ በገዛ እጁ አስረክቦ? በ1996 የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕጋችን ለእነዚህ ለእያንዳንዳቸው የየራሱ ስምና አንቀጽ አለው። በድሮ ጊዜ ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሌባ ሻይ የሚፈልገው «ማን?» የሚለውን ብቻ ነበር። የዛሬው ሕግ «እንዴት?» እና «ምን አስቦ?» ብሎም ይጠይቃል። በአንቀጽ 23 መሠረት ወንጀል ተፈጸመ የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ የሚባሉት ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲገኙ ነው። በቀላሉ ስናስቀምጠው፣ ድርጊቱን የሚከለክል ሕግ አለ፣ ድርጊቱ ተፈጽሟል፣ አድራጊውም በሕጉ የተጠየቀው ሐሳብ ነበረው ማለት ነው። አንዱ ከጎደለ ወንጀል የለም።

ስርቆት አንቀጽ 665 ላይ ነው። የሌላ ሰው የሆነን ተንቀሳቃሽ ዕቃ፣ የማይገባ ጥቅም ለማግኘት አስቦ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መውሰድ ነው። «ተንቀሳቃሽ» የምትለው ቃል ለእኛ ለከተማው ዳር ነዋሪዎች ትልቅ ትርጉም አላት። ሠፈራችን ውስጥ ባለቤቶቻቸው ገና ያልገቡባቸው ቤቶች አሉ። ቤት አይሰረቅም፤ ከቦታው አይነሣማ። በሩ፣ የመስኮቱ ብረት፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ፣ ከግድግዳው ተመዝዞ የወጣው የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን ይሰረቃል። ከማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ተነቅሎ የሚወሰድን ነገር ሕጉ በግልጽ አካትቶታል። ሰው ቤት ውስጥ ያለ አግባብ የገባ ወይም መሬት የያዘ ሰው ሌላ አንቀጽ አለው እንጂ በስርቆት አይከሰስም።

ሐሳቡም ይመዘናል። ጎረቤትህ ቤት እያሠራ ነው እንበል። ሳይጠይቅህ ካሪዮላህን ወስዶ ሙሉ ቀን አሸዋ ሲያመላልስበት ዋለና ማታ መለሰው። ያናድዳል። ግን ሊያስቀረው አላሰበም። የሌላን ሰው ንብረት ያለ ፈቃድ መጠቀም በሕጉ የተለየ፣ ከስርቆት ቀለል ያለ ቦታ አለው። በስህተት እጅህ የገባን ወይም ወድቆ ያገኘኸውን ንብረት ማስቀረትም እንዲሁ ለብቻው የታሰበበት ነው፤ ማንም ሳይወስድበት ከባለቤቱ የራቀ ዕቃ ስለሆነ። ቤት ሰብሮ እንደ መግባት ያለ ነገር ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ወደ አንቀጽ 669፣ ወደ ከባድ ስርቆት ይሻገራል።

በስርቆትና በውንብድና መካከል ያለው ድንበር ጉልበት ነው። ማታ ከታክሲ ወርዶ መብራት በሌለው መንገድ ወደ ብሎኩ የሚሄድ ሰው ማጅራት መቺ ቢያጋጥመው፣ የተወሰደበት 200 ብር ብቻ ቢሆንም ጉዳዩ ስርቆት አይባልም። ውንብድና ነው፣ አንቀጽ 670። ሕጉ እዚህ ላይ የሚጠብቀው ኪሳችንን ብቻ ሳይሆን አካላችንንም ጭምር ነው። ለዚህ ነው ቅጣቱ ብሩን የማይከተለው። ድብደባ ብቻ አይደለም፤ ከባድ ማስፈራራትም፣ ሰውየው እንዳይከላከል ማድረግም ይበቃል። በቡድን ወይም በመሣሪያ ከሆነ አንቀጽ 671 ይመጣል፣ ከባድ ውንብድና። የሰው ሕይወት ከጠፋ ቅጣቱ እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል።

ሞባይል ነጥቆ የሚሮጠውስ? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቀኛል። እኔ ሁልጊዜ መልሼ የምጠይቀው ጉልበቱ ያረፈው ሰውየው ላይ ነው ወይስ ስልኩ ላይ ብዬ ነው። ስልኩ ሳታስበው ከእጅህ ተመንትፎ ከሆነ ነገሩ ወደ ስርቆት ያደላል። ክንድህን ጠምዝዞ፣ ገፍትሮ ጥሎህ፣ ስለት አሳይቶህ ከሆነ ወደ ውንብድና ይሄዳል። ስለዚህ ፖሊስ ጋ ስትሄድ «ስልኬን ወሰደብኝ» ብለህ አታቁም። እጅህን እንዴት እንደያዘህ፣ ምን እንዳለህ፣ የት እንደወደቅክ ተናገር። አንዲት ዓረፍተ ነገር አንቀጹን ትቀይረዋለች።

አሁን ወደ እማማ ደብተር ልመለስ። ከሁሉም በላይ ሰው የሚደናገርበትም እዚህ ነው።

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ከሕጉ ቀድሞ ቃል ነበረው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። አደራ የበላን ሰው «ሌባ» አንለውም፤ «አደራ በላ» ነው የምንለው፣ ይህም የባሰ ስድብ ነው። ሕጉ እምነት ማጉደል ይለዋል፣ አንቀጽ 675። እዚህ ንብረቱን ማንም አልነጠቀም። ባለቤቱ ራሱ በፈቃዱ ሰጥቷል። የሰጠው ግን ለተወሰነ ጉዳይ ነው፦ አስቀምጥልኝ፣ አድርስልኝ፣ በዚህ ይህን ግዛልኝ፣ ሰብስበህ ለባለዕጣው ስጥ። ተቀባዩ ያንን ትቶ ለራሱ ካዋለው ወይም ለሌላ ካስተላለፈው እምነት አጉድሏል። ሕጉ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ሲል ጠቅሷል።

የዕቁቡ ሰብሳቢ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። በየሳምንቱ የሚቀበለው 24,000 ብር ለአንድም ደቂቃ የእሱ አልነበረም። ከ24 ሰው ተቀብሎ ለአንድ ሰው ሊያደርስ ነው የያዘው። መሐል መንገድ ላይ ወደ ኪሱ ካስገባው የአደራ ገንዘብ ነው የበላው።

ሴትየዋ ግን ሌላ ናት። የወሰደችው 24,000 ብር የራሷ ነው። ዕጣ ወጥቶላታል፣ ተሰጥቷታል፣ እንደፈለገች ልታደርገው ትችላለች። የቀረባት ወደፊት በየሳምንቱ 1,000 ብር የመክፈል ግዴታ ነው። ያንን ባትፈጽም ውል አፍርሳለች፣ ዕዳ አለባት። ለማንም የያዘችው አደራ ግን የለም። በአንድ ደብተር፣ በአንድ ገጽ ላይ፣ ሁለት የተለያዩ ሕጎች!

ይህ የአደራና የብድር ልዩነት እኛ አገር ብዙ ቤት አናግቷል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2471 ስለ ገንዘብ ብድር ሲናገር፣ ተበዳሪው የገንዘቡ ባለቤት እንደሚሆን ያስቀምጣል። የሚመልሰው ያንኑ ያህል እንጂ ያንኑ ኖት አይደለም። ስለዚህ ያበደርከው ሰው ብርህን ጫማ ገዝቶበት ቢከስርም የራሱን ብር ነው ያከሰረው፤ ዕዳው ግን አንገቱ ላይ አለ። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 11 ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላቃተው ብቻ አይታሰርም ይላል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የሕጓ አካል ናቸው ብሏል። «አበድሬው ካደኝ፣ ይታሰርልኝ» ብለው ፖሊስ ጣቢያ የሚሄዱ ሰዎች «የፍትሐ ብሔር ነው» ተብለው ሲመለሱ መርማሪው ጉቦ በልቶ ይመስላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ትክክለኛው መልስ ነው የተሰጣቸው። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፦ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ ማስረዳት አይቻልም። 500 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ እናውቃለን። ለወንድማችሁም ቢሆን ስታበድሩ አንዲት ወረቀት አስፈርሙ። አትፈሩ፤ ወረቀቱ ወንድማማችነቱንም ያተርፋል።

የአደራ ነገር በግንባታ ቦታም ጠንከር ብሎ ይመጣል። አንድ ሰው ቤት እያሠራ ነው። 40 ኩንታል ሲሚንቶ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አስቀምጧል። ማታ ማታ ዘበኛው እያወጣ አሥር ኩንታል ሸጠ። ስርቆት ወይስ እምነት ማጉደል? ሲሚንቶውን ቆጥሮና ፈርሞ የተረከበ፣ ቁልፉንም የያዘ ሰው ከሆነ በአደራ ተሰጥቶታል፤ እምነት ማጉደል ነው። ሥራው አጥሩን መጠበቅ ብቻ ከሆነና ቁልፉ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ካለ፣ ሲሚንቶው ከባለቤቱ ይዞታ አልወጣም። ሰብሮ ያወጣው ዘበኛ እንደማንኛውም ሰው ሰርቋል። ሁለቱም ዘበኛ ይባላሉ፣ ሁለቱም ያንኑ አሥር ኩንታል ነው የሸጡት። የለያያቸው ቁልፍና ፊርማ ነው። ንብረቱ የመንግሥት፣ ሰውየውም የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆን ደግሞ ነገሩ በ2007 የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ውስጥ ይገባል።

አታላይነት፣ አንቀጽ 692፣ ከእምነት ማጉደል ጋር ይመሳሰላል፤ እዚህም ባለንብረቱ በገዛ እጁ ነው የሰጠው። የሚለያቸው ውሸቱ የተነገረበት ሰዓት ነው። በአታላይነት ውሸት ይቀድማል፣ መስጠት ይከተላል። ባለቤቱ የሰጠው ስለተዋሸ ነው። በእምነት ማጉደል ግን ሲሰጥ ውሸት አልነበረም፤ ክፋቱ የመጣው ከተቀበለ በኋላ ነው።

እኛ ዳር አገር ያለን ሰዎች የአታላይነትን መልክ እናውቀዋለን። አንዱን ኮንዶሚኒየም ለሁለት ሰው የሚሸጥ አለ። የጨረቃ ቤት ሠርቶ ሐሰተኛ ካርታ አሳይቶ «ሕጋዊ ነው» ብሎ ቀብድ የሚቀበል ደላላ አለ። (ሐሰተኛ ሰነዱ ራሱ ሌላ ወንጀል ነው።) ደውሎ «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥሩን ይንገሩኝ» የሚል አለ። ሰው ግን የሚያስተውለው የተነገረውን ውሸት ነው። ሕጉ ዝምታንም ያያል። መናገር ያለበትን ነገር ሆን ብሎ የደበቀ፣ ወይም የሌላውን የተሳሳተ እምነት እያወቀ የተጠቀመበት ሰውም አታላይ ሊባል ይችላል። ቤቱ በባንክ መያዣ መሆኑን እያወቀ ዝም ብሎ ቀብድ የተቀበለ ሻጭ «አልዋሸሁም፣ አልጠየቀኝም» ብሎ አያመልጥም።

በተቃራኒው ደግሞ ቃሉን ያልጠበቀ ሁሉ አታላይ አይደለም። «በሁለት ወር እመልሳለሁ» ብሎ ተበድሮ ሥራው የከሰረበት ሰው፣ ሲናገር ከልቡ ከነበረ አልዋሸም። ይህን መለየት ነው የዐቃቤ ሕግ ትልቁ ራስ ምታት፤ ልብ ውስጥ ገብቶ የሚያይ የለማ። ስለዚህ የሚታየው በዙሪያው ያለው ነገር ነው። ስሙን ቀይሮ ነበር? የሌለ ሱቅ አለኝ ብሎ ነበር? በዚያው ሳምንት ከአምስት ሰው በአንድ ዓይነት ታሪክ ተቀብሎ ጠፍቷል? ለእማማም የነገርኳቸው ይህን ነው። ሴትየዋ ገና ስትገባ በሐሰተኛ ስምና በሐሰተኛ መታወቂያ ተመዝግባ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ አታላይነት በሆነ። ዕጣ ከወጣላት በኋላም ስድስት ሳምንት ሙሉ ከፍላ የቆመች፣ እዚያው ብሎክ 14 የምትኖር ሰው ግን ይህን አትመስልም።

ደረቅ ቼክ ለብቻው ነው። በሒሳቡ በቂ ገንዘብ እንደሌለ እያወቀ ቼክ ጽፎ የሰጠ ሰው በአንቀጽ 693 ይጠየቃል። እዚህ ዕዳው ሳይሆን ቼኩ ነው ወንጀሉ። ለዋስትና ብለው ባዶ ቼክ የሚሰጡ ነጋዴዎች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

የተሰረቀ ዕቃ የሚገዛውም አለ። መንገድ ላይ ያለ ካርቶን፣ ያለ ደረሰኝ፣ በሩብ ዋጋ ስልክ የሚገዛ ሰው «እኔ ገዛሁ እንጂ አልሰረቅሁ» ይላል። የወንጀል ፍሬ መሆኑን እያወቀ ከገዛ ወይም ከደበቀ መሸሸግ ነው፣ አንቀጽ 682። ደግሞም የሰፈራችን የሽቦና የበር ገበያ የሚኖረው ገዢ ስላለ ነው።

«ቅጣቱ ተቀራራቢ ከሆነ ይህ ሁሉ መከፋፈል ለምን?» ብሎ አንድ ወጣት ጠይቆኝ ያውቃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስርቆት፣ እምነት ማጉደልና አታላይነት መነሻ አንቀጾቻቸው ላይ ከቀላል እስራት ጀምሮ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው የሚያስቀጡት፤ አታላይነት መቀጮም ይጨመርበታል። መልሱ ማስረጃ ላይ ነው። በስርቆት ያለ ፈቃድ መወሰዱን ታስረዳለህ፦ ማን አየ፣ ማን ጋ ተገኘ። በእምነት ማጉደል መስጠትህን ታስረዳለህ፣ ለምን ጉዳይ እንደሰጠህም፦ ፊርማ፣ ደብተር፣ ሲረከብ የነበረ ሰው። በአታላይነት ውሸቱን ታስረዳለህ፣ በዚያ ውሸት ምክንያት መስጠትህንም፦ መልእክቱን፣ የተቀዳ ድምፅ፣ ሐሰተኛውን ካርታ። አደራ ለበላ ሰው የስርቆት ምስክር ብታሰልፍ «አዎ ወስጃለሁ፣ ራሱ ነው የሰጠኝ» ይልሃል። ምስክሮችህ ሁሉ እሱን ነው የሚያግዙት።

ስለዚህ ፖሊስ ጣቢያ ስንሄድ አንቀጽ መጥቀስ የእኛ ሥራ አይደለም። ያንን ዐቃቤ ሕግ ይመርጣል። የእኛ ሥራ የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል መናገር ነው። «ሌባ» የምትለውን ቃል እንተዋት። መቼ ሰጠሁ፣ ምን ብሎኝ ሰጠሁ፣ ማን ነበረ፣ መቼ ጠየቅሁ፣ ምን መለሰ። ቃላችን ተጽፎ ሲያልቅ እንዲነበብልን እንጠይቅ፤ ሳይነበብልን አንፈርም። ጉዳቱን ማስካስ ከፈለግን ደግሞ የካሣ ጥያቄያችንን ከወንጀሉ ክስ ጋር አብረን ማቅረብ እንደምንችል የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 ይፈቅድልናል።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። «ሌባ!» ብሎ መጮኽ ሠፈራችን ውስጥ ሰው ያስደበድባል። ቀለበት ጠፋ ተብላ በእኩለ ሌሊት ከቤት የተባረረች የቤት ሠራተኛ አይቻለሁ። ቀለበቱ ከሦስት ቀን በኋላ ከአልጋው ሥር ተገኘ። ልጅቷ ግን የት እንደሄደች ማንም አያውቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ነው የሚለው ለፍርድ ቤት ብቻ የተጻፈ አይመስለኝም።

ከእማማ ጋር ሁለት ወረቀት ጻፍን። አንዱ ለፖሊስ ነው፤ የሰብሳቢው። መጀመሪያው ላይ «በየሳምንቱ ለባለዕጣው እንዲሰጥ ከእያንዳንዳችን 1,000 ብር ተቀብሎ» ይላል፤ ሌባ የሚል ቃል የለበትም። ሦስቱ ያልተከፈላቸው ባለዕጣዎች ምስክር ሆነዋል፣ የደብተሩም ኮፒ ተያይዟል። ሁለተኛው ለሴትየዋና ለዋሷ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው። ዋሱ ዕጣው የወጣ ዕለት ደብተሩ ጀርባ ላይ ፈርሟል። ዋስትና በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ከፍተኛው መጠን ካልተጻፈበት አይጸናም። ደብተሩን ገለበጥኩና አየሁ። በእማማ የእጅ ጽሑፍ፣ «እስከ 24,000 ብር ዋስ ነኝ» ተብሎ ሰፍሯል፤ ከሥሩ የሁለት ምስክር ፊርማ አለ። «ይቺን እንዴት አወቋት?» አልኳቸው። «አባቴ ሳያስጽፍ ዋስ አይቀበልም ነበር» አሉኝ።